ቁጥር ያልወጣለት

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ነገሥታት ትጠርግ ነበር፤
ሮስኪልድ፣ ከቀዩ ጡብ፣ ከካቴድራሉ ሥር፣
በእንጨት ጫማዋ ቋ! ቋ! እያለች ስትገባ
አንድም ንጉሥ ከእንቅልፉ አይባንን፣ አይባባ።

ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ያገለግላል!
አባት ፍሬድሪክ ሲሆን ልጅ ክርስቲያን ይሆናል፤
የክርስቲያን ልጅ ደግሞ ፍሬድሪክ ይባላል፤
እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስሙ ሄዶ ይመለሳል።

"ንጉሥ ሲሞት" ትለኝ ነበር፣ እርጥብ ጨርቋን እየጨመቀች፣
"ስሙ አይቀበርም ልጄ። ጠራቢው ጭረት ይጨምርና
የልጅ ልጁ ይለብሰዋል። እንደ ታላቅ ወንድም ካፖርት
እጅጌው ይጠቀለላል እንጂ፣ ማን ይጥላል፣ ጨርቁ ደህና!"

እሷ ግን በቁጥር አልነበረም የምትለያቸው፤
አንዱን በሚያጠራቅመው አቧራ፣ አንዱን በእብነ በረዱ ሽበት፣
ያኛውን ደግሞ እግሩ ሥር ሸረሪት በማይጠፋበት፤
"ያ አስቸጋሪው"፣ "ያ ብርዳሙ" ነበር ስማቸው።

አንድ ዓምድ አለ እዚያ፣ ነገሥታት የተለኩበት፤
ቁመታቸው በጭረት፣ ስማቸው በጎን ያለበት።
የላይኛው ጭረት ባለቤት ከበር ይረዝማል፤
"ውሸት ነው" ይል ነበር ደወል ደዋዩ ትሮልስ፣ "አጥንቱ ሌላ ያወራል፤
ንጉሥ ሲለካ ጊዜ ሜትሩም ያሸረግዳል።"

ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከዓምዱ ኋላ ተደብቄ
ስትንበረከክ አየኋት፤ ጸሎት መስሎኝ፣ ተሳቅቄ።
ከኪሷ ጠመኔ አወጣች። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል፣
ከነገሥታቱ ሁሉ በታች፣ አይጥ ከምታልፍበት እኩል፣
አንድ ጭረት ጫረች፤ ቀጭን። ስም አልጻፈችበትም።
ቁጥርም።
ቆየች፣ እያየችው። ጨርቋን ነከረች። ጠረገች።
ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ወደሚቀጥለው ንጉሥ ዞረች፤
ባልዲው ብቻ ነበር የጮኸው፤ እሷ ምንም አላለች።

የጥምቀቱን መዝገብ ያየሁት ጢም ካበቀልኩ ወዲያ ነው፤
"አስገር፣ የቶራ ልጅ" ይላል፣ ጥር ላይ የተጻፈው፤
ከጎኑ በሌላ ቀለም፣ መስቀል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ።
ሁለት ገጽ ስገልጥ፣ በዚያው ፓስተር፣ በዚያው በተንጋደደ ፊደል፣
"አስገር፣ የቶራ ልጅ"። እኔ ነኝ። ቁጥር የለም። ጭረት የለም።

የዓሣ አጥማጅ ሰፈር ነው የኛ፤ ስም እንደ መረብ ይጠገናል፤
ሟቹ ያወለቀውን የሚቀጥለው ይለብሳል፤
ማንም ቆሞ አይቆጥረንም፣ የትኛው ነህ ብሎ አይጠይቅም።
እንግዲህ ለዚህ ኖሯል እናቴ፣ ማታ ማታ፣
"አስገር!" ብላ ስትጣራ፣ እኔ "አቤት" ስላት፣ አይታኝ፣
ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ፣ ዝም የምትል ለአፍታ።

ዘንድሮ ሄድኩ፤ ከቀበርኳት በኋላ፣ በሦስተኛው ወር።
ጎብኝዎች በላይኛው ጭረት ሥር ተንጠራርተው ይስቃሉ፤
ሰው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያየው።
እኔ ጎንበስ አልኩ፣ የጫማውን ክር እንደሚያስር።
ጠመኔ አልያዝኩም። ጣቴን ምራቅ አስነካሁና
ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል፣ የድሮውን ቦታ ገምቼ፣
በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አንድ እርጥብ ጭረት አሰመርኩ፤

እስክትደርቅ ድረስ ነገሠ፣ አስገር ቀዳማዊ።
ከዚያ ጉልበቱን ይዞ፣ እያቃሰተ፣
ተነሣ ዳግማዊው።