አትቁጠሪ

በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ልቆጥር ብዬ፣
የባሌን አሮጌ መረብ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣
በሎፎተን ጨለማ፣ ፀሐይ በማትወጣበት፣
ሄድኩኝ ወደ አርንፊን፣ ወደ ሬዲዮው ቤት።

እሱ ሠላሳ ዓመት መርከብ ላይ ያወራ፣
በአንድ ጣቱ ብቻ ካገር አገር ጋራ፤
"አትቁጠሪ" አለኝ ገና ስጀምረው፣
"ነጥብና ሰረዙን የቆጠረ ሰው
አምስተኛው ፊደል ላይ ነው የሚቀረው።
ስሚው እንጂ፣ ሱኒቫ፤ ዜማ አለው፣ ስሚው።"

እኔ ግን ቆጠርኩኝ።
ነጥብና ሰረዝ "ኤ"፤ ስገለብጠው "ኤን" ነው፣
የግራን ጓንት በቀኝ እጅ እንደ ማጥለቅ ነው።
ማንኪያዬ በድስቱ፣ ቢላዬ በጣውላ፣
ጠብታው ከጣሪያው፣ ጀልባው ከኋላ፣
ሁሉ ይጽፍልኛል፤
አንብቢው ሲሉኝ ግን፣ ሁሉ ይጠፋኛል።

ግንቦት ላይ፣ ፀሐይዋ መጥለቁን ስትተው፣
አርንፊንን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው፣
ከአይስላንድ አንድ እንግዳ "ማን አለ?" እያለ
የበረዶ ጠጠሩን ጆሮዬ ላይ ጣለ።
ጣቴ ተንቀጠቀጠ፤ የላክሁት አንድ ቃል፦
"ቀስ።"

ዝም አለ።
ሄደ አልኩኝ በልቤ። ተመልሶ መጣ፣
የሕፃን እጅ ይዞ ደረጃ እንደሚያወጣ፣
አንድ ፊደል። ቆም። አንድ ፊደል። ቆም።
ስሙ ስቴይንግሪሙር፤
አንዲት በግ ምጥ ይዟት እስካሁን አልተኛም፤
ነፋሱ ከሰሜን፤ ሌላ ወሬ የለም።

አርንፊን ነቃና፣ ዓይኑን እያሸ፣
"ስንት ፊደል" አለኝ፣ "ስንት ፊደል ያዝሽ?"
ደብተሬን አየሁት፤ እርሳሴ ደንዟል፣
ገጹ ሞልቷል።
"አልቆጠርኩም" አልኩት።