የመስኮቱ ልክ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
ከብሎኬት ቁልል ኋላ፣ ከነፋሱ ተከልሎ፣
የቆርቆሮ ቢሮ አለችኝ።
አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣
እንደኔው ሲሚንቶ የለበሰ፣ ሲወለውሉት የሚያስነጥስ፣ ሲተዉት የሚያንጎራጉር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢሜይሉን ስከፍተው፣
ትናንት አስፍቼ የተውኩትን መስኮት ማን እንዳጠበበው!
ከላይ፣ ከግራው ጥግ፣ እንደ ክብሪት ቤት ኩርምት ብሎ፣
የላኪው ስም ከወገቡ ተቆርጦ፣ ጉዳዩ ከጫፍ ተንጠልጥሎ።
“አቶ ደበ…” ይላል፤ ደበላ ይሁን ደበበ፣ እንጃ።
“ሁለት ሺህ ብ…” ይላል፤ ብር ይሁን ብሎኬት፣ እንጃ።
“ክፍያው አል…” ይላል፤ አልቋል ነው ወይስ አልተፈጸመም?
ጎትቼ ካላሰፋሁት እውነቱ አይነበብም።

እጎትታለሁ። ጥጉን በማውሱ ይዤ፣ እንደ ቆዳ ወጥሬ፣
“በል እዚሁ እደር” እለዋለሁ፣ እንደ ልጅ መክሬ።
የት ሊያድር! በማግስቱ ያው ክብሪት ቤቱ፣
ያው የግራ ጥግ፣ ያው ጥበቱ።

ያልሞከርኩት የለም።
አጥፍቼ አበራሁት። አራግፌ እንደገና ጫንኩት።
ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ የማላውቀውን ሁሉ ነካካሁት።
ከአቃቂ የመጣው ሶፎንያስ “ቫይረስ ነው” ብሎ ማለ፤
ሰባት መቶ ብር ወጣ፣ ቫይረሱም ወጣ፣ መስኮቱ ግን እንደጠበበ አለ።
ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ትርንጎ፣ “ይከፈታል አይደል? ምን አነሰህ?
ስንቱን ጥበት ችለህ ኖረህ፣ በዚህ ነው የሚያርር አንጀትህ?”

ደብተር ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ጻፍኩ፦
ማክሰኞ፣ ረሳ። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት መብራት ሄዶ ነበር።
ረቡዕ፣ ረሳ። ትናንት በአሥር፣ ሚክሰሩ እንደሞላ፣ መብራት ሄዶ ነበር።
ሐሙስ፣ አስታወሰ! እንዳለ፣ ሰፍቶ ጠበቀኝ።
ትናንት ምን አደረግሁ? ምንም። የሚካኤል ማኅበር ነበረብኝ፣
በስምንት ሰዓት ዘግቼ ወጣሁ።
አርብ፣ ረሳ።

“ዘግቼ” የምትለዋን ቃል መልሼ አነበብኳት።
ለካ ልኩን የሚጽፈው ሲሰናበት ብቻ ኖሯል፤
በእጅ ሲዘጉት፣ በወጉ፣ “ደህና እደር” ሲባል።
መብራቱ ሲነጥቀው ግን፣ አፉን እንደከፈተ፣
ኑዛዜውን ሳይናገር፣ ስንቴ ሞተ!
እኔ፣ ረሳ እላለሁ።

ለዘበኛው ለጋሽ ጉተማ ነገርኩት፣ የሚገባው ሳይመስለኝ።
ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ ሚክሰሩን እያየ፣ እንዲህ አለኝ፦
“ይሄ የቆምንበት ጤፍ ነበረ። የኔ ማሳ።
ሲያርሱት፣ ስፋቱን ማን ያነሳ?
በጥማድ ነበር የማውቀው፣ እስከ ግራሯ፣ እስከ ድንበር፤
ለካሳው የፈረምኩ ዕለት ነው የነገሩኝ፣ ስንት ሜትር እንደነበር።
ልክ የሚጻፈው ሲሰናበቱ ነው፣ ልጄ።”
ዝም አልኩ። ደብተሩም ቢሮ ቀርቷል፤ ባዶ ነበር እጄ።

አሁን ስምንት ተኩል ሲል መስኮቱን በእጄ እዘጋለሁ።
“ዘጋኸው?” ይላል ከበሩ። “ዘጋሁት” እላለሁ።
ከዚያ አጥሩን ይዞራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
ጸሎት መስሎኝ ነበር እስከዛሬ። እርምጃ ይቆጥራል።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ።
ሰውየው ደበላ ነው። ሁለት ሺውም ብሎኬት ነው።
ያ ቃልም ሳይጎመድ፣ እስከ ጭራው፣
“ክፍያው አልተፈጸመም።”
መልስ ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ፣
መብራት ሄደ።