በሰባተኛው በር

ገንደ ቆሬ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ቴሌቪዥን አለኝ፤
አንድ ማራገቢያ፣ አንገቱ የተሰበረ፣ ግድግዳውን የሚያራግብልኝ።
ለሰዓት ሃያ ብር፣ ለግማሹ አሥር፤
"ዱቤ የለም" ብዬ ጽፌ በዱቤ የምኖር።

የሁሉም ነገር ኳስ ነው፤ ጎል፣ እርግማን፣ የላብ ሽታ።
ከቀትር በኋላ ከተማው በጫት ሲረታ
ሸምሰዲን ብቻ ይመጣል፣ በላስቲክ ጫማ፣ በዝምታ።
"ጋሽ ቶፊቅ፣ የኮከቡን" ይላል። እከፍትለታለሁ።
ሳንቲሙ እንደሚጎድል አውቃለሁ፤ ሳልቆጥር እቀበለዋለሁ።

የጨዋታው ነገር እንዲህ ነው፦ ዓለማት ይቃጠላሉ፤
አንድ ጀግና ጥሩር ለብሶ ይነሳል፣ ሁሉም በሱ ይድናሉ።
በሁለተኛው ከተማ፣ ጠፈር ላይ በሚንሳፈፈው፣
መርከብ ከሚቆምበት ሰባተኛው በር አጠገብ ነው
አንዲት ሴት ሳጥን ላይ የተቀመጠችው።
ግራጫ ብርድ ልብስ። ፊቷን ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ትጋራለች፤
ሠሪዎቹ ቸኩለው ይሆናል። ከራሷ በላይ "ስደተኛ" ተብላለች።
ስም የላትም። አገሯ የነደደው ጨዋታው ሳይጀመር ነው፤
እሳቱን እንኳ አያሳዩንም።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጥተዋታል። መዝገበ ቃላት ይዤ ፈታኋቸው፦
"እህቴ በኋለኛው መርከብ ነበረች፤ አይተሃታል?"
"ውሃ በወረፋ ነው፤ ወረፋው በቁጥር፤ ቁጥሬ ጠፍቶብኛል።"
"ይቅርታ፤ መንገደኛ ነህ፤ ላቆይህ አልፈለግሁም።"
አራተኛ ጊዜ ስትነካት፦
"እህቴ በኋለኛው መርከብ ነበረች…"

ሌላው ሁሉ ያልፋታል፤ ከሷ የሚገኝ የለም፤
ጠመንጃ አትሸጥም፣ ነጥብ አትሰጥም።
ሸምሰዲን ግን እዚያው ቆመ። ሳምንት ሙሉ።
"ተኩስ እንጂ አንተ! ዓለም እያለቀ ነው እኮ!" ይለዋል የባጃጁ ሚፍታህ።
እሱ ውሃ ሊሰጣት ነበር የሚለፋ፤
ውሃው በቦርሳው አለ፣ መስጫው ቁልፍ ጠፋ።
"ስሟ ማነው?" አለኝ።
"አልሰጧትም።"
"ታዲያ እህቷ በማን ስም ትፈልጋት?"
ማራገቢያውን መታሁት።

ደቻቱ የመጣ ሌሊት አሥር ዓመቴ ነበር።
ቀን ቀን አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይለጋበታል።
ዝናቡ ላይኛው አገር ዘንቦ፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣
ውሃው በር ሳያንኳኳ ገባ።
ከዚያ ትምህርት ቤት አደርን፤ አራተኛ "ለ"፤
ሰሌዳው ላይ የሰባት ብዜት እንደተጻፈ።
ወረቀት የያዘ ሰው መጣ፤ ሌላ መጣ፤ ካሜራ ያነገተ መጣ።
እናቴ ለሁሉም ያንኑ ትል ነበር፣ ባንድ ድምፅ፦
"ቀይ ሹራብ ነበረው። ሰባት ዓመቱ ነው። ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም።"
አራተኛው ሲመጣ፦ "ቀይ ሹራብ ነበረው።"
ያኔ ደንዝዛለች አልኩ። ልጅ ነበርኩ።
ለካ ሰው ቆሞ የሚሰማው ሦስት ያህል መሆኑን አውቃ
የቀረውን ቆጥባ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሸምሰዲን አንድ ቁልፍ አገኘ፤
ጥይት ሲበዛ ማጎንበሻ፣ ለመደበቂያ የተሠራ።
ተጫነው፤ ጀግናው ከነጥሩሩ፣ ከነመሣሪያው
ሳጥኑ ሥር ቁጢጥ አለ።
ልጁ እጁን ከመቆጣጠሪያው አነሳ።
ግማሽ ሰዓት። መርከብ ወጣ፣ መርከብ ገባ፤
ባቡሩ ከቀረ ወዲያ እንኳ
ለገሃሬ በር ላይ እንደሚቀመጡት ሽማግሎች
ጎን ለጎን ተቀመጡ።
መብራት ሄደ።
በጨለማው ውስጥ "እሷም ጋ ጠፋ?" አለኝ።
"ምኑ?"
"መብራቱ።"

የት እንደሚያድር ጠይቄው አላውቅም፤
ከመጠለያው መሆኑን ከኪሱ የወደቀ ካርድ ነገረኝ፣
ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ጫፉ የታኘከ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። "ጫኗቸው" አሉ።
"ወደ አገራቸው" ያለም አለ፤
የትኛው አገር እንደሆነ የተናገረ የለም።

ያስቀመጠው ጨዋታ ግን አለ።
ማሽኑ ስም ሲጠይቀው ቁጥር ነው የጻፈው።
ደንበኛ ሲጠፋ እከፍተዋለሁ። ጀግናው ቆሞ ነው የሚነሳ፤
እኔ አስቀምጠዋለሁ።
"አይተሃታል?" ትለኛለች።

ትናንት አዲሱን ኳስ ልጭን ስል
ማሽኑ "ሞልቻለሁ፣ አንዱን አጥፋ" አለኝ።
ሚፍታህ ከኋላዬ "የልጁን! የልጁን!" ይላል።
አርባ ሰዓት የለፋሁበት፣ ዓለሙን ሁሉ ያዳንኩበት
የራሴ ነበር፤
እሱን አጠፋሁ።