ቀዩ መፍቻ

ዛሬ ክሬኑ ቆመ፤ ነፋስ አሸነፈው፤
አለቃዬ ከታች፦ «ውረድ፣ ክንዱን እጠፈው!»
ሃምሳ ሜትር መሰላል፣ ጉልበቴ እየራደ፣
እግሬ ወደ መሬት፣ ዓይኔ ግን ባሕር ወረደ።
ከእንጀራዬ አግዶ የሚመልሰኝ ነፋስ
ለጨዋታ ሲሆን ይጠራኛል ደግሞ፣ እንደ ጎረቤት ድግስ።

ቂርያት ያም። ዓርብ ረፋድ። ዝናቡ ለጊዜው አቋርጧል፤
አሸዋው በቁርጭምጭሚት ቁመት እንደ ጭስ ይሮጣል።
ቀርሜሎስን እስከ ወገቡ ደመና ውጦታል፤
የቀረው ግማሽ እንደ ታመመ ጥርስ ጠቁሯል።

ቫዲም መኪናው ላይ ተደግፏል። ዕብራይስጡ እንደኔው ይሰበራል፤
ነፋስ ሲሆን ግን ማንበብ ይችላል።
ትንሿን መለኪያ ወደ ላይ ያነሳና
ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ ዝም ይልና፦
«ሃያ ስድስት ኖት። ሲነሳ ሠላሳ ሁለት። ደግሞ አሥራ ዘጠኝ፣ ድንገት።
አየህ? ቁጥሩ አይደለም የሚገድል፤ በቁጥሮቹ መሃል ያለው ርቀት።»

የእህቴ ልጅ ትርንጎ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ከሠራዊት ለሰንበት የመጣች፣ ከነድካሟ፣ ከነትዕቢቷ፣
ዘጠኝ ሜትሩን ካይት ዘርግታ በፓምፕ ልትሞላ ስትል አገኘኋት።
«ስድስቱን አምጪው» አልኳት።
«ስድስት? እሱ ለሕፃን ነው!»
«ለሕፃን፣ ለሽማግሌ፣ ማታ ቤቱ ሊገባ ላሰበም ነው።»

ጎኔ ላይ ጠባሳ አለ። ከአምስት ክረምት በፊት ነበር፤
ጥቁሩ ደመና ሲመጣ አየሁት። አየሁት እኮ! ባላየው ይሻል ነበር።
«አንዲት ዙር ብቻ» አልኩ፤ የሰመጠ ሁሉ የሚላት ነገር።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ ነፋስ ግን አያሳስቅም፣
አንስቶ ይጥላል እንጂ ስምህን እንኳ አይጠይቅም።
ማዕበል መስበሪያው ድንጋይ ላይ ሦስቴ ደበደበኝ፣ እንደ ልብስ አጣቢ ሴት፤
እጄ ግን ዘንጉን አልፈታም። መያዝ ነው የለመድኩት።

ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወደ ሱዳን፣ በሌሊት መንገድ፤
«የኩታዬን ጫፍ ያዝ» አለኝ አባቴ፣ «አትልቀቅ፣ ምድር ብትናድ።»
አልለቀቅሁም። ይኸው አለሁ። ጣቴ ያን ሌሊት አልረሳም፤
እዚህ ግን፣ ገመድ ጫፍ ላይ፣ ያ ምክር አይሠራም።

ስለዚህ ቀዩን መፍቻ አስያዝኳት።
«ዓይንሽን ጨፍኚ። ግፊው። ደግመሽ።
በግራ እጅሽ። ተናደሽ። እየሳቅሽ።»
ቫዲም በሩስኛ ይቆጥራል። ሃያ ላይ ስትደርስ
የራስ ቁሯን አሰረች፣ ቢላዋዋን ነካች፣ ገባች፣ በማዕበሉ ፈረስ።

እኔ ዳር ቀረሁ። አንድ ሰው ዳር መቅረት አለበት።
ሲያዩት ምንም አይደለም፤ አንገት ያደክማል እንጂ ማየት።

ከዚያ በምዕራብ አድማሱ ጠቆረ፤ የባሕሩ ፀጉር ቆመ።
ቫዲም ሁለት እጁን አነሳ። ፉጨቱን ነፋስ ቀማ፤ ማን ሰማ?
ዞር አለች፤ ደመናውን አየች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ
«አንዲት ዙር» ያለች መሰለኝ። ልቤ ቆመ፤ አልቻልኩም ልተነፍስ።

እጇ ወረደ።
ካይቱ እንደ ረጠበ ነጠላ ባሕር ላይ ወደቀ።
አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ይዟት፣ ማዕበሉ ገፋት፣ ገፋትና
ጨው እየተፋች ወጣች፣ በንዴት ቀልታ፣ ጫማዋ አንዱ ጠፍቶ።

መኪና ውስጥ። በረዶ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል።
ከቫዲም ፔርሙስ ሻይ፤ ሎሚው በዝቶ ያኮመታትራል።
«አፈርኩ» አለች። «ለምን?»
«ለቀቅኩት።»
ምንም አልመለስኩ። ኩባያዋን ሞላሁላት።

ሌሊቱን ነፋሱ መስኮቱን ሲገፋ ሚስቴ ትነቃለች፤
«ምን ሆነህ ነው ብርድ ልብሱን የምትገፋው?» ትላለች።
ተኝቻለሁ እኮ።
እጄ ናት በጨለማ ቀዩን የምትፈልገው።