ተቀምጧል አሉኝ

ተቀምጠሃል አሉኝ፣ እግርህን አጣጥፈህ፣
ራስህን ከጎድኔ፣ ከልቤ አስደግፈህ፤
ልክ እንደ ዕድር ዳኛ፣ ባና ተከናንቦ፣
ነገር እንደሚሰማ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ።
ስምንት ወር አለፈህ፣ መገልበጫህ ደርሷል፤
የጎረቤቴ እንኳን፣ ቁልቁል ተመልሷል።

ከሁሉ ፊት ያወቁት፣ እማማ ይመኙሻል፤
«ይኸ ክቡ ራሱ ነው፣ ከላይ ይዳሰሳል፤
ቂጡን ከታች ጥሏል» አሉኝ ረጋ ብለው፣
ለጋውን ቅቤያቸውን፣ በመዳፍ አቅልጠው።

በሳቸው ጊዜማ፣ ባና ይዘረጋል፤
አራት ሴት ጫፍ ይዞ፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፤
እርጉዟ ከመኻል፣ እንደ ገብስ ስትነፋ፣
ጽንሱ ይገለበጣል፣ እንቅልፉ ሲጠፋ።
«ዛሬስ?» ብዬ ጠየቅሁ።
እጃቸውን ከሆዴ ላይ አነሱ።
«ዛሬስ አልነካሽም። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤
ከጓሳ ማዶ ያለች፣ አንዲት ሴት አሸሁ።
ዞረልኝ አልኩና፣ ደስ ሊለኝ ስል ገና፣
ደሟ ቀደመኝ።
ስሟን አልነግርሽም። አንቺ ሂጂ፣ ሐኪም ቤት።»

አባትህ ሸዋቀና፣ በግ አዋላጅ ነው እሱ፤
ግልገል በእግሩ ሲመጣ፣ ሲያጥረው መተንፈሱ፣
ክንዱን በሳሙና አሽቶ፣ አስገብቶ ያቃናል፤
ያን ሌሊት ግን ፈራ፤ «ይኸ በግ አይደለም» ይላል።

ከሞላሌ ወጣን፣ ውርጩ ሳይነሳ፤
ጣርማበር ላይ ጉሙ፣ መንገድ ሲያስረሳ፤
እማማ ከጎኔ፣ በቅል ቅቤ ይዘው፣
«ለምናልባት» አሉ፣ በነጠላ ሸፍነው።

የደብረ ብርሃኑ ሐኪም፣ ልጅ እግር ነው ገና፤
ቀዝቃዛ ነገር ቀባኝ፣ ሆዴን ገለጠና።
ታየኝ አከርካሪህ፣ እንደ ተሰካ ዶቃ፤
ታየኝ ልብህ ስትመታ፣ እንቅልፍህ ሳይነቃ።
«እንሞክራለን» አለ፣ «ከውጭ በእጅ ማዞር፤
እሺ ካለ ደግ፣ እምቢ ካለ ይቅር።
የቀዶ ጥገናው ክፍል፣ ከጎን ተዘጋጅቷል፤
ልቡ ከዘገየ፣ እጄ ወዲያው ያቆማል።»

ማህፀን የሚያላላ፣ መርፌ ወጋኝና፣
ቂጥህን ሽቅብ ገፋ፣ ቀስ ብሎ በጥሞና።
እማማ ከጥግ ሆነው፣ የሱን እጅ ያያሉ፤
ባዶ አየሩን ይዘው፣ አብረውት ያሻሉ።
«ጀርባው ወዲያ ነውና፣ በግራ ገፋ አርገው!»
ሐኪሙ ቀና አለ። በግራ ገፋ አረገው።

ግማሽ መንገድ ሄድክ፤ ጎንህን ሰጠኸን፤
እኔም፣ እሱም፣ እሳቸው፣ ትንፋሻችንን ይዘን።
ከዚያ ተንሸራተህ
ተመለስክ ወደ ወንበርህ።
ሁለተኛ ሞከረ። ሦስተኛ አልሞከረም።
ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ፣ «ልጁ አልፈለገም» አለ።
እማማ ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያኔ ገና አየሁት።
«የመንዝ ሰው አይደል እንዴ!
ከተቀመጠበት ማን ያስነሳዋል?»

በሦስተኛው ሳምንት፣ በቀጠሮው ዕለት፣
ሆዴ ላይ በር ከፍተው፣
እንደ ተቀመጥክ አወጡህ፤
እግርህ ከጆሮህ ጋር የሚንሾካሾክ ይመስል።
ብንዘረጋው ይታጠፋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ
አውራ ጣትህ አገጭህን ሲፈልግ ከረመ።
ያ የቅል ቅቤም አልባከነም፤
ራስህን ሲፈልግ መጥቶ፣ እኔ ራስ ላይ ዋለ።

አባትህ ስም ሲያወጣ ብዙ አላሰበም፤
«እንዳሻው» አለህ፣ እየሳቀ፣ እያለቀሰ።

ስንመለስ ጉሙ ተገፎ ነበር።
ጣርማበር ጫፍ ላይ፣ አንተን ታቅፈው ሳለ፣
እማማ ይመኙሻል፣ ሳልጠይቃቸው፣
የዚያችን ሴት ስም ነገሩኝ።
እሱን ግን፣ እንዳሻው፣
ላንተም አልነግርህም።