አምስት ሜትር ከሃያ

ሲብረን ቅዳሜ ጠዋት ስኔክ ወርዶ ነበር፣
ከሻጩ ግቢ ውስጥ ሲለካ፣ ሲቆጥር፣
ካንዱ ተጎታች ቤት ወዳንዱ ሲሻገር።
አንዱ ሰፊ ሆነ፣ መኪናችን አትችለው፤
አንዱ ቀላል ነበር፣ ማድቤት ግን የለው፤
አንዱ ሁሉ ሞልቶት፣ ጣራው ዝቅ ብሎ
ሲብረንን አሰገደው ከደጁ ቀብሎ።
ማታ ሲመለስ ግን ይዞ የመጣው ነገር
አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ቁጥር።

«ቁመቱ አምስት ከሃያ፣ ሁለት ከሩብ ወርዱ፣
ይህ በሩ፣ ይህ ምድጃው፣ ይህ ደግሞ መንገዱ»
እያለ ሳሎን ላይ ገመዱን ዘረጋ፣
ሶፋውን ገፋፍቶ ከግድግዳ አስጠጋ፤
«ዛሬ እዚህ እንደር፣ እንየው እስኪነጋ።»

ዬልመር ከዳር ተኛ። ያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ
አምና በድንኳኑ በቅቶት ነበር እንጂ፣
ዘንድሮ እግሩ ብቻ፣ ያለ ማንም ፈቃድ፣
ገመዱን ተሻግሮ ሌላ አገር ሊሄድ!
ፌና መጽሐፍ ይዛ ጥጉን ቀደመችን፣
«መጋረጃ ከሌለ አልሄድም» አለችን።
ትንሹ ዊትሰ ግን ከነጎማ ጫማው
ምድጃው ላይ ተኛ፤ ማንም አልተቆጣው።

መብራቱ ሲጠፋ ሲብረን አንሾካሾከ፦
«ሪንሰ ምን አለኝ፣ ያ ሽማግሌ ሻጭ?
‹ትንሽ የገዛ ሰው በሁለት ዓመት መጥቶ
ትልቅ ስጠኝ ይላል፣ በልጆች ጠብ ታክቶ፤
ትልቅ የገዛ ሰው ይመጣል ዘግይቶ፣
ፍራሹ እንደ አዲስ፣ ማንም ያልተኛበት፣
ልጆቹ አድገው ሄደው፣ ሰፍቶት ባዶው ቤት።
ልኩን የገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም።›»
ይህን ብሎ ሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም።

ውጭ ዝናብ ይጥላል፣ ቦዩን ይደበድባል።
ሆድ ካገር ይሰፋል፤
የኔን ግን ማን ለካው?
በገመዱ መሐል የተኛነው አምስት፣
እኔ የምቆጥረው ስድስት።

ሐሙስ ነው ያወቅሁት። ከሐኪም ስመለስ
ድልድዩ ተነሥቶ ጀልባ አልፎ እስኪጨርስ
ብስክሌቴን ይዤ ቆሜ ሣቅሁ ብቻዬን፤
ለማንም አልነገርሁ፣ ለሲብረንም ይህን።

«ሲብረን» አልሁት ቀስ ብዬ፣ «ያን ገመድ ሳብ አርገው።»
«ለዬልመር እግር ነው?»
«አይደለም።»
ከዚያ በኋላ ዝም። ጣራውን ነው ያየው።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በክርኑ ተነሥቶ
(መኪናችን እንደሆን ከሺህ ሦስት መቶ
ኪሎ በላይ አትስብም፤ ይህም ያስጨንቀዋል)
«ስንት ኪሎ ይሆናል?» በሹክሹክታ ይላል።
«አሁን? የምስር ፍሬ።»
«እሱንስ ትችላለች» አለ፣ «ያቺ አሮጌ።»

ከዚያ እጁ በጨለማ ገመድ ሲፈልግ ሰማሁ፤
ስንት እንደ ሳበው ግን፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አላየሁ።

ሲነጋ ገመዱን ፈልገን ብናየው፣
የዬልመር እግር ነው ማድቤት ያደረሰው።