አንድ ስንዝር

ካርታ ላይ ስለካት አንድ ስንዝር ነበረች፤
ካውራ ጣት ተነሥታ ትንሿ ጣት ደረሰች።
«ይችማ ቅርብ ናት» አልኩና ትኬት ቆረጥኩኝ፤
ሦስት ሌት ተጉዤ እጄን ታዘብኩኝ።

ከኮቺ ስንነሣ ዝናቡ አላባራ፤
መስጊድና መስቀል፣ ኮኮነትና ኩሬ
መስኮቴ ላይ አለፉ ሳይጠብቁ ተራ።
ሻይ ሻጩ ብቅ አለ ታኒካውን ታቅፎ፣
«ቻያ፣ ቻያ!» ይላል፣ ከእንቅልፍ በላይ ገዝፎ።
ገባኝ! ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ መዝገበ ቃላት፤
አገር ማለት ለካ፣ አልኩ፣ ይህን ያህል ቀላል ናት!

ጀምበር ሳትጠልቅ ግን ያ ቃል ጠፋብኝ፤
ጣቢያው ላይ ፊደሉ ቆዳ ቀየረብኝ።
የጧቱ ክብ ክብ ነው፣ እንደ ቀለበት፤
የማታው ማዕዘን አለው፣ እግርም አለበት፤
በማግስቱ ደግሞ፣ ወደ ሰሜን ስንወጣ፣
ጃንጥላ የያዘ ፊደል በረድፍ መጣ፤
በሦስተኛው ቀን አንድ ገመድ ተወጥሮ
ፊደሉ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፣ ተደርድሮ።
እኔ፣ ሰባቱን ቤት በልጅነቴ የጨረስኩ፣
በየጣቢያው እንደገና ሀ ሁ ላይ ተመለስኩ።

ሱሎቻና፣ የታች አልጋዋ፣ ቅጠል ላይ ሩዝ ዘረጋች፤
በታሚል «ብሉ» መሰለኝ፤ በዓይኗም ተቆጣች።
በአኦ ቋንቋ አመሰገናት ወታደሩ ቴምጄን፤
አልገባትም፤ ጨመረችው። አልገባኝም፤ ጨመረችኝ።

ከዚያ ተቆጣጣሪው፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣
«አገርህ ወዴት ነው?» ነገርኩት። «እሺ» አለ፣ ፊቴን ሳያይ።
ደግሞ ወደ ቴምጄን፦ «አንተስ፣ ከየት አገር?»
ከላይ አልጋ አንድ ድምፅ
«ቻይና» አለ፣ ከብርድ ልብስ ሥር፣ በምስጢር።
ቴምጄን መታወቂያውን ቀስ ብሎ አወጣ፤
ለሁላችን ሳቀልን፤ ሳቁ ዓይኑ ድረስ አልመጣ።
«ድንበሯን አራት ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ»
አለኝ በመሸ ጊዜ፣
«ደጇ ላይ ግን ዛሬም ማነህ እባላለሁ።»

የምለው አጣሁ። ሱሎቻና ትታልን የወረደችውን
ሎሚ ለሁለት ቆረጥነው።

አራተኛው ንጋት። ድልድዩ ያጓራል፤
ወንዙ ዳር የለውም፤ ውሃ ሰማይ ሆኗል።
«ቻያ» ያለው «ቲ» ሆኖ፣ «ቲ»ም ደግሞ «ቻ» ብሎ፣
አሁን «ሳህ» ይላል ልጁ፣ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥሎ።
«ሻይ» አልኩት በራሴ አፍ፤
ቀዳልኝ፣ ምንም ሳይደንቀው።

ዲማፑር ላይ ቴምጄን ወረደ። እናቱ ነች መሰለኝ፣
ሻንጣውን ትታ ጆሮውን ያዘችው፤
የምትለው በባቡሩ ጥሩምባ ጠፋብኝ።

ካርታዬን ዘረጋሁ። እጄንም፣ እንደ ፊቱ።
ያለኝን መንደር ፈለግኩ፣ ከወንዙ እስከ ተራራው፤
የለችም።
ለካስ ያኔ ስለካ
ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ሥር ነበረች፤
ሸፍኛት ነበር።